የሶፋ ሠሪው ኪሎ

በሲሚንቶ መጋዘኑ በር ላይ የሚያልፉ ሹፌሮች ሁሉ የሚፈሯት አንዲት ሴት አለች። ድምፅዋ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ሰው ሰድባም አታውቅም። ከመኪና ሚዛኑ አጠገብ ባለች፣ ሦስት ጎኗ መስታወት በሆነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ባዶ ገብቶ ሞልቶ የሚወጣውን ሁሉ ስትመዝን ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገቡ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ባለሚዛኗ ናት፤ ባሏ ሳይቀር ሊያናድዳት ሲፈልግ እንዲያ ይጠራታል።

ሥራዋ ከውጭ ሲያዩት የሕፃን ሒሳብ ነው። መኪናው ባዶውን ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ ጭኖ ሲመለስ እንደገና ይወጣል፤ ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያው ሲቀነስ የጫነው ይታወቃል። ታዲያ አዋቂ ሌባ የሚዋሸው በጭነቱ ሳይሆን በባዶው ነው። ከመቀመጫው ሥር ድንጋይ ደርድሮ ይመጣና ባዶ መኪናውን ከባድ ያስመስላል፤ ውስጥ ሲገባ ድንጋዩን ይጥልና በልኩ ሲሚንቶ ይደርብበታል። ባለሚዛኗ ግን ቁጥሩን ከማየቷ በፊት መኪናውን ታያለች፤ ጎማው እንዴት እንደተኛ፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫው ምን ያህል እንደደፋ፣ ሹፌሩ ሲወርድ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ። አንዱን ገና ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ በመስኮቷ ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ ድንጋዮችህን አውርድና ተመለስ» አለችው። ሰውዬው ሊምል አፉን ከፈተ፤ ፊቷን አየና መልሶ ዘጋው። አሥራ አንድ ድንጋይ አወረደ።

«እንዴት አወቅሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «መኪናህ ደክሞታል» ብላ ወደ መዝገቧ ዞረች።

እንዲህ ያለችውን ሴት ከብስክሌት ጋር ያገናኛት የግራ እግሯ ጉልበት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መቀመጥ ዋጋ አለው። ሐኪሙ የጉልበቷን የራጅ ፎቶ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ካየ በኋላ «ወይ ትንቀሳቀሻለሽ፣ ወይ በምርኩዝ ትሄጃለሽ» አላት። በሰፈሯ መንገድ ላይ ደግሞ ብስክሌት መንዳት ነፍስን በእጅ ይዞ መውጣት ነው፤ እሷ የምትመዝናቸው መኪኖች ሁሉ የሚያልፉት በዚያው ነው። ባሏ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ቤት የሚለቅ ደንበኛው «ይህን ብረት ከፊቴ አንሳልኝ» ያለውን ዕቃ ተሸክሞ መጣ። ዕቃው ብስክሌትን ቤት ውስጥ አስሮ የሚያስነዳ መሣሪያ ነበር፤ ከነአሮጌ ብስክሌቱ።

የብስክሌቱ የኋላ ጎማ ይፈታና ሰንሰለቱ ከመሣሪያው ጋር ይገጠማል። መሣሪያው ከኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል። ስክሪኑ ላይ መንገድ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ተራራ አለ፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሴት ትጋልባለች። ባለሚዛኗ ፔዳሉን ስትረግጥ ትንሿ ሴት ትሄዳለች፤ መንገዱ ዳገት ሲሆን መሣሪያው እግሯን አንቆ ይይዛታል። በዚያው ሰዓት በየቤታቸው፣ በየብስክሌታቸው ላይ የተቀመጡ ሌሎች ሰዎችም እዚያው መንገድ ላይ አሉ። በሳምንት አንድ ቀን ይወዳደራሉ።

ብስክሌቱ የቆመው ከወጥ ቤቱ ወደ መኝታ ክፍሉ በሚያሳልፈው ኮሪደር ላይ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ውሃ ለመጠጣት የፈለገ ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ በጎን ያልፋል። ባሏ የሚንጠባጠብ ነገር ስለማይወድ ከብስክሌቱ ሥር ለላቧ የሚሆን ትሪ አስቀመጠላት። ከታች የምትኖረው ጎረቤት ጣራዋን በመጥረጊያ እንጨት ስትደበድብ ደግሞ ወፍራም ላስቲክ አምጥቶ አነጠፈ። «ሌላ ሰው ለሚስቱ ወርቅ ይገዛላታል፤ እኔ ትሪና ላስቲክ» ይላል፤ ሲለው ግን ኩራቱ ፊቱ ላይ ይታያል።

በመጀመሪያው ውድድር መጨረሻ ወጣች። በሁለተኛውም ያው። በሦስተኛው፣ ምላሷ ወጥቶ ከኋላ ስትንፏቀቅ፣ ከየተወዳዳሪው ስም ጎን የሚለዋወጡትን ቁጥሮች ልብ አለቻቸው። ሥራ ቦታዋ የገባች ያህል ተረጋጋች።

በዚያ ዓለም ፊት የሚባል ነገር የለም። የሰው አፍ ሲከፈት፣ ጭኑ ሲንቀጠቀጥ አይታይም፤ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰችም ሰው ምስሉ ቀጥ ብሎ ይጋልባል። የሚታዩት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፦ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ስንት ዋት ኃይል እንደሚያወጣ፣ እግሩ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር፣ ልቡ ስንቴ እንደሚመታ። አብዛኛው ሰው የሚያየው የመጀመሪያውን ነው። ባለሚዛኗ ሦስቱንም ታያለች፤ አንዱ ሌላውን ሲያሳጣም ትይዘዋለች። ኃይሉ ሳይለወጥ የእግሩ ዙር ከዘጠና ወደ ሰባ አምስት የወረደ ሰው ማርሽ አክብዷል፤ ሊያፈተልክ ነው። ኃይሉ ባለበት ቆሞ ልቡ በየደቂቃው አንድ አንድ የሚጨምር ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ አይቆይም፣ ምንም ያህል ከፊት ቢሆን። ቁልቁለት ላይ እግሩን የሚያሳርፍ ለኋላው የሚቆጥብ ነው፤ ቁልቁለት ላይም የሚረግጥ የፈራ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንደሚባለው፣ እግር የደበቀውን ዳገት ያወጣዋል። እሷ ግን ዳገቱ እስኪመጣ አትጠብቅም።

ኮምፒውተሩ ነፋስንም ያሰላል። ከፊት ያለ ሰው ነፋሱን ይገፋል፤ ከኋላው የተጠለለ ሰው በሁለት ሦስተኛ ጉልበት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ጅል ከፊት ይመራል፣ ብልህ አምስተኛና ስድስተኛ ሆኖ ይጠለላል። እሷ ከሃምሳ ያለፈች፣ ጉልበቷ የታመመ ሴት ናት፤ በጉልበት ማንንም አታሸንፍም። ግን መቼ መጠለል፣ ማንን ተከትሎ መውጣት፣ ማንን ዝም ብሎ ለነፋስ መተው እንደሚገባ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ምድብ አልነበረም። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የተሸነፉትም ይሉታል።

ብዙም ሳይቆይ ሦስት ሆነው ቡድን ሠሩ። አንዱ በሌላ ከተማ የሚኖር ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሰማንያ ስምንት ኪሎ ሥጋና ቁጣ፣ ሜዳ ላይ የመጨረሻዋን ሦስት መቶ ሜትር ሲረግጥ የሚይዘው የለም። ሌላዋ የሒሳብ መምህር ናት፤ ዳገት ትወዳለች፣ ሠንጠረዥ ደግሞ ከዳገት አብልጣ ትወዳለች። ተያይተው አያውቁም፤ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው የሚነጋገሩት። የቡድኑ አለቃ ባለሚዛኗ ናት። ከኋላ ሆና ታያለች፣ ታዝዛለች፤ ሁለቱ ከፊት ሆነው ይፈጽማሉ። እሷ አሥራ ምናምነኛ ትገባለች፤ ቡድኑ ግን ያሸንፋል። ባሏ ከወጥ ቤት ሆኖ «ዛሬስ ማንን ቀበርሽ?» ይላታል።

የሚወዳደሩበት ምድብ ሁለተኛ ይባላል። አሥር ሳምንት ተወዳድሮ ብዙ ነጥብ የያዘ አንድ ቡድን ብቻ ወደ አንደኛ ምድብ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሞከሩ፤ ሁለት ጊዜ ለጥቂት አመለጣቸው። ይህ ነገር ምን ያህል በልቧ እንደገባ ያወቀው ባሏ ብቻ ነው። አንድ ቀን ላቧን እየጠረገች «ሃያ ሁለት ዓመት ሌላው ሲገባና ሲወጣ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ፤ አንዴ ደግሞ እኔ ልግባ» አለችው። እሱም ከዚያ ወዲህ ስለ ትሪው መቀለድ ቀነሰ።

በዚህ በአራተኛው ዓመት ያሰጋቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስክሪኑ ላይ ስሙን ሶፋ ሠሪው ብሎ ጽፏል፤ ዕድሜው አርባ አንድ። የተፎካካሪው ቡድን ነጥብ ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ነው። ችግሩ ኪሎው ነበር። በዚያ ዓለም ኪሎውን የሚያስገባው ተወዳዳሪው ራሱ ነው፤ ማንም አይመዝነውም፤ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር ዳገት ይቀላል። ሶፋ ሠሪው በመጀመሪያው ሳምንት ስልሳ ዘጠኝ ብሎ ጻፈ። በአራተኛው ስልሳ ስድስት። በሰባተኛው ስልሳ ሁለት። በመጨረሻው ሳምንት ሃምሳ ዘጠኝ። ሰው ሁሉ ላባው ይለው ጀመር። ከውድድር በፊት ተወዳዳሪዎች በሚጻጻፉበት ገጽ ላይ «መስኮት ዝጉ፣ ላባው እንዳይወሰድብን» ብሎ የሚጽፍም ነበር። እሱ መልስ አይሰጥም ነበር።

«ይኼ ሰውዬ ሌባ ነው» ይል ነበር ጋጋሪው። «አሥር ኪሎ በሁለት ወር ተኩል? እኔ ዱቄት መቅመስ ትቼ እንኳ አንድ ኪሎ አልወረደልኝም።»

መምህሯም ሠንጠረዟን አውጥታ የዋት በኪሎ ቁጥሩ በየሳምንቱ ወደ ላይ እንደሚሄድ አሳየች። ባለሚዛኗ አየችው፤ አመነችውም። ባዶውን የሚዋሽ ሰው ለእሷ አዲስ አልነበረም።

የመጨረሻው ውድድር እሑድ ጠዋት ነበር። አንድን ዳገት ሦስት ጊዜ የሚያዞር ሠላሳ ኪሎ ሜትር። ሁለቱ ቡድኖች በነጥብ ተቀራርበዋል፤ ሶፋ ሠሪው ከሰባተኛ በታች ከገባ ባለሚዛኗና ጓደኞቿ አንደኛ ምድብ ይገባሉ። ባሏ ኮሪደሩን ነፃ አደረገ፣ ማራገቢያውን ከፊቷ አቆመ፣ ከዚያም ወጥ ቤት ገባ።

የመጀመሪያውን ዳገት ሁሉም ተያይዘው ወጡ። ሁለተኛው ሥር ሲደርሱ ባለሚዛኗ የሶፋ ሠሪውን ልብ አየች፤ መቶ ሰባ ስምንት። በዙሪያው ያሉት ሁሉ መቶ ስልሳን አላለፉም።

«ጋጋሪው፣ ሰውዬው ሞልቷል፤ ሌላ አይጭንም። አሁን ውጣ» አለች።

«ገና በሁለተኛው?»

«አሁን። ሲደርስብህ ተቀመጥና ቀንስ፤ ትንፋሹን ሊሰበስብ ሲል ድገመው።»

ጋጋሪው ወጣ። ሶፋ ሠሪው ተከተለው፤ ደረሰበት፤ ልቡ መቶ ሰማንያ አራት ሆነ። ጋጋሪው ተቀመጠ። ግማሽ ደቂቃ ጠበቀች። «ድገመው።» መቶ ሰማንያ ስምንት። መምህሯ በሌላው ጎን እንድትወጣ አዘዘች፤ ሰውዬው ወደ እሷም ዞሮ ተከተለ። «ድገሙት።» መቶ ዘጠና አንድ። ከዚያ የሶፋ ሠሪው ኃይል ድንገት በግማሽ ወደቀ፤ ምስሉ ከመሪዎቹ ተነጥሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ጋጋሪው በጆሮዋ ውስጥ ሳቀ። ባለሚዛኗም ፈገግ አለች፤ እንዲህ ያለ ንባብ በየዓመቱ አይገኝም።

ሰውዬው ግን አልሞተም። ከኋላ የመጣ ቡድን ውስጥ ገብቶ ተጠለለ፤ ሜዳውን በሰው ጀርባ አሳልፎ፣ የመጨረሻውን ዳገት እየተንጠለጠለ ወጥቶ፣ በመጨረሻው መቶ ሜትር ሁለት ሰው ቀድሞ ስድስተኛ ገባ። ጋጋሪው ሁለተኛ፣ መምህሯ አምስተኛ፣ ባለሚዛኗ አሥራ ዘጠነኛ ገቡ። ነጥቡ ተደመረ፤ በአንድ ነጥብ ተሸነፉ።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ጋጋሪው ነበር።

«በቃ፣ ይከሰስ» አለ።

ደንቡ እንዲህ ነበር፦ በውድድሩ ዘመን ከሰውነቱ ክብደት ከአሥር በመቶ በላይ የቀነሰ ሰው፣ የተፎካካሪ ቡድን አለቃ ፈርሞ ከከሰሰው፣ ውጤቱ ያለ ምርመራ ይሰረዛል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን ያህል በሐቅ የሚቀንስ የለም ብለው ነው። የክሱ ጊዜ እስከ ማክሰኞ ቀትር ብቻ ነው። አንድ ፊርማ፣ ከዚያ አንደኛ ምድብ።

«እትዬ፣ ሌባ መያዝ የእንጀራሽ ሥራ አይደል?» አላት ጋጋሪው።

«እፈርማለሁ» አለች። ልትፈርምም ነበር።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መኪና በማይበዛበት ጊዜ፣ በመስታወት ክፍሏ ውስጥ የውድድሩን ቅጂ በስልኳ ከፈተች። ክሱ ላይ የምታስገባውን ደቂቃ ልትመርጥ ነበር። ሰውዬው ስድስተኛ ሲገባ አየችው። ቅጂው ቀጠለ፤ ተወዳዳሪዎች ከጨረሱ በኋላ እግራቸውን ለማፍታታት ቀስ ብለው የሚጋልቡበት ጊዜ ነው። የጋጋሪው ልብ በሦስት ደቂቃ ውስጥ መቶ አሥር ገባ። የመምህሯም እንዲሁ። የሶፋ ሠሪው እግር ከቆመ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆኖታል፤ ልቡ መቶ ሃምሳ አንድ ነው።

ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። መቶ ሃምሳ አንድ። ወደ ኋላ መልሳ እንደገና አየችው።

ለመምህሯ ደወለችላት። «ያን ሠንጠረዥሽን ለያይተሽ ላኪልኝ። ዋቱን ለብቻ፣ ኪሎውን ለብቻ፣ ልቡንም ጨምሪበት።»

«ለምን? ዋት በኪሎው አይበቃም?»

«አይበቃም፤ ላኪልኝ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ መጣላት። ስልሳ ዘጠኝ ኪሎ ሲሆን ዳገቱን በሁለት መቶ ሰባት ዋት ነው የወጣው፣ ልቡ መቶ ሃምሳ ስምንት። ስልሳ ስድስት ሲሆን በሁለት መቶ ዋት፣ ልቡ መቶ ስልሳ አምስት። ስልሳ ሁለት ሲሆን በመቶ ዘጠና አንድ ዋት፣ ልቡ መቶ ሰባ አራት። ሃምሳ ዘጠኝ ሲሆን በመቶ ሰማንያ ስድስት ዋት፣ ልቡ መቶ ሰማንያ አንድ። ኪሎው ከኃይሉ በጥቂት ቀድሞ ስለሚወርድ፣ ሁለቱ ሲካፈሉ ቁጥሩ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስላል። ለያይቶ ያየው ሰው አልነበረም።

«ስሚኝማ» አለች ባለሚዛኗ። «ኪሎውን የሚሰርቅ ሰው ጉልበቱን ለምን ይሰርቃል? የሚዋሽ ሰው ኪሎውን ብቻ ነው የሚቀንሰው። ኃይሉን የሚለካው መሣሪያው ነው፤ እሱማ ባለበት ነበር የሚቆመው።»

ከመምህሯ በኩል ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማ። «እውነትሽን ነው» አለች በመጨረሻ። «ኪሎው እውነተኛ ነው።»

«እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ሰውዬው እያለቀ ነው።»

ያን ሰዓት አፈረች። ሃያ ሁለት ዓመት አይታ የማትስት ሴት፣ የሰውዬውን ድካም ከማንም በፊት አይታው ነበር፤ አይታውም «ድገመው» ብላለች። ሦስት ጊዜ። ሌባ ስትፈልግ በሽተኛ አለፋት። የመጀመሪያው ጥፋቷ ይህ አልነበረም፣ እንዲህ ያሳመማት ግን ሌላ አልነበረም። ውጭ ሚዛኑ ላይ የወጣ መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ ሹፌሩ ባለሚዛኗን እንደዚያ ፈዝዛ አይቷት ስለማያውቅ ሁለተኛ ለመንፋት አልደፈረም።

ማታ በራት ሰዓት ሦስቱ ተነጋገሩ። ጋጋሪው ተቆጣ፤ ቁጣው ልክ ነበር።

«አራት ዓመት፣ እትዬ። አራት ዓመት ነው የለፋነው።»

«አውቃለሁ። ከአንተ የበለጠ የምፈልገው እኔ ነኝ።»

«ብትሳሳቺስ? ስብ የሚያቃጥል መድኃኒት እየዋጠ ቢሆንስ?»

«ከተሳሳትኩ አንድ ሌባ አመለጠኝ። ብዙ አምልጦኛል፤ አልሞትኩም። ፈርሜ ከተሳሳትኩ ግን የታመመ ሰው ሌባ ተብሎ ቤቱ ይቀራል፤ ለምን ኪሎው እንደወረደም የሚጠይቀው አይኖርም።»

«ሐኪም ነሽ እንዴ አንቺ?»

«አይደለሁም። ሚዛን ነው የማውቀው።»

ጋጋሪው ደህና እደሩ ሳይል ወጣ። መምህሯም ውሳኔሽ ልክ ነው አላለቻትም፤ ድምፅዋ ግን ለስለስ ብሎ ነበር። ባለሚዛኗ ማክሰኞ ቀትር እስኪያልፍ ድረስ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት፤ ራሷንም አታምነውም ነበር። ቀትር ካለፈ በኋላ አውጥታ ለሶፋ ሠሪው እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«ዕድሜህ አርባ አንድ ተብሎ ስለተጻፈ አንተ እልሃለሁ። የተፎካካሪህ ቡድን አለቃ ነኝ፤ እንጀራዬ የሲሚንቶ መኪና መመዘን ነው። እሑድ ልብህ እንደደከመ አይቼ ሆን ብዬ ያስመታሁህ እኔ ነኝ፤ ለዚህ ይቅርታ አድርግልኝ። ኪሎህን አምናለሁ። ስለማምነው ነው የምጽፍልህ። ጉልበትህ ከኪሎህ ጋር አብሮ ወርዷል፣ ልብህ ደግሞ ወጥቷል፤ ከጨረስክ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በኋላ እንኳ አልተመለሰም። ይህ የስፖርት አይደለም። እባክህ ብስክሌቱን ተወውና ነገ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለሐኪሙ አሳየው።» ሠንጠረዡን ከሥሩ አስገባች።

መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት ሆነ። ጋጋሪው ተመልሶ መናገር ጀምሯል፤ «ላባሽ ጻፈልሽ?» እያለ ይወጋታል። እሷም «አልጻፈም» ትላለች። ባሏ ኮሪደሩን ሲያልፍ ትከሻዋን ነካ ያደርጋታል። ጥርጣሬ ውስጥ ውስጡን ይበላት ነበር፤ ምናልባት ስቆባት ይሆናል፣ ምናልባት አንደኛ ምድብን እንዲሁ በየዋህነት ጥላው ይሆናል።

በዘጠነኛው ቀን መልሱ መጣ።

«እትዬ፣ መልእክትዎ ሲደርሰኝ ሌላ ከሳሽ መስሎኝ ሳላነበው ተውኩት። ያነበበችው ሚስቴ ናት። በሁለት ወር ውስጥ ሱሪዬን ሁለት ጊዜ ያጠበበችልኝ እሷ ስለሆነች ቁጥሮቹ ገቧት፤ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሐኪሙ አንገቴን ዳሰሰ፣ ደም አስወሰደ። የእንቅርት ዕጢዬ ከልክ በላይ እየሠራች ሰውነቴን ታቃጥላለች አለኝ። ሠንጠረዡን ሲያይ ማን እንደሠራው ጠየቀኝ፤ የሲሚንቶ መኪና የምትመዝን ሴት ናት ስለው አላመነኝም። እንዲያ ያለ ውድድር ሌላ ብጨምር ልቤ ሊቆም ይችል እንደነበር ነግሮኛል። ስድስት ወር ብስክሌት አልነካም። ስለ እሑዱ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ያነበቡት ልክ ነበር፣ እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እመታ ነበር። እኔ በመጀመሪያው ሰሞን ኪሎዬ ሲቀንስ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ፈራሁ፣ ግን ለማን እናገራለሁ? ሁለት ወር ተኩል ሙሉ እውነተኛ ኪሎዬን ስጽፍ ሰው ሁሉ ዋሸህ አለኝ። ያመኑኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ባለሚዛኗ ይህን ለሁለቱ ጓደኞቿ አነበበችላቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ደበቀችው ለማለት አልችልም። ጋጋሪው «ሱሪውን ሁለቴ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ሳቁ ይመጣል። ሶፋ ሠሪው በየቅዳሜው ኪሎውን ብቻ ይልክ ጀመር፤ ሌላ ቃል የለውም። ስልሳ። ስልሳ ሁለት። ለአንድ ወር ስልሳ ሦስት ላይ ቆመ። ከባለሚዛኗ ቀድሞ የሚጠይቀው ያው ሌባ ሲል የከረመው ጋጋሪ ሆነ። «ዛሬ ስንት ገባ?» ይላል ገና ጆሮ ማዳመጫውን ሳያስተካክል። «እኔ ጋ ቢመጣ በሁለት ሳምንት ነበር የማሳብጠው።» መምህሯ አዲስ ሠንጠረዥ ከፈተችለት፤ በዚህኛው መስመሩ ወደ ላይ ሲሄድ ሦስቱም ደስ ይላቸዋል።

የሶፋ ሠሪው ቡድን በእሱ ምትክ ሌላ ሰው ይዞ አንደኛ ምድብ ሄደ። እነ ባለሚዛኗ ሁለተኛ ምድብ ቀሩ። ስድስት ወሩ አልፎ ሐኪሙ ሲፈቅድለት እሱም ከታች እንዲጀምር ተባለና ሁለተኛ ምድብ ውስጥ ከእነሱ ጋር ተመዘገበ። በመጀመሪያው ውድድር ከስሙ ጎን ስልሳ ሰባት ተብሎ ተጽፏል። ስለ ላባ የቀለደ ማንም አልነበረም።

ያን ቀን ዳገቱ ላይ ሁሉም ጥለዋቸው ሄዱ። ባለሚዛኗ እንደ ልማዷ ከኋላ ናት፤ ሶፋ ሠሪውም ገና ጉልበቱ ስላልተመለሰ ከእሷ ጎን ደርሶ ቀረ። ሁለት ትንንሽ ምስሎች ባዶ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ይጋልባሉ። ጋጋሪው ከፊት ሆኖ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቃት።

«ለጥቂት ደቂቃ አታናግሩኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለችው።

ዓይኗን ከሰውዬው ልብ ላይ አላነሳችም። በዳገቱ መቶ አርባ ስምንት ደረሰ፤ ቁልቁለቱ ላይ ወደ መቶ ሃያ ሁለት ወረደ። በሚቀጥለው ዳገት መቶ አርባ ዘጠኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ መቶ ሃያ አራት። እንደማንኛውም ጤነኛ ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል። ሦስተኛውን ዳገት እስኪጀምሩ ድረስ ጠበቀች። ከዚያ ማርሿን አከበደች፣ ከመቀመጫዋ ተነሣች፣ በታመመ ጉልበቷ ያላትን ሁሉ ሰብስባ አፈትልካ ወጣች።

ባሏ ከወጥ ቤት ብቅ አለ፤ እንዲያ ስትረግጥ አይቷት አያውቅም። ስክሪኑ ላይ ሶፋ ሠሪው ለአንድ አፍታ ባለበት ቀረ። ወዲያው ማርሹን ቀየረና ይከተላት ጀመር፤ ልቡ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ መቶ ሃምሳ አምስት እያለ ይወጣል። እሷም ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች።